መታወቂያ ሰውን እንጂ ሞተሩን አያሻግርም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣዎ ላይ፣ ያለ ፓስፖርት በሞተር ሳይክል ድንበር ስለተሻገሩ ወጣቶች የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የመንገዱን ውበትና የወጣቶቹን ድፍረት አሳምሮ ገልጿል፤ ነገር ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። ሕግ ፈቅዶ ያለ ፓስፖርት መሻገር ሌላ ነው፤ ከኬላ ተሰውሮ ማለፍ ደግሞ ሌላ ነው። በተለይ መንገደኛው በሞተር የሚሄድ ከሆነ የልዩነቱ ዳፋ ከአሽከርካሪው አልፎ ለሞተሩ ባለቤትና መንገድ ላይ ለሚያገኘው ምንም ለማያውቅ ሰው ይተርፋል። ይህን በዓይኔ ስላየሁት ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ያለ ፓስፖርት መሻገር በራሱ ነውር እንዳልሆነ አስቀድሜ ላስረዳ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው አውሮፓ መንገደኛው ያለ ፓስፖርት ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የጠበቀው ቁጥጥር ጦርነቱ ሲያበቃም አልላላም፤ በ1920 በመንግሥታቱ ማኅበር አማካይነት በፓሪስ የተካሄደው ጉባኤም ፓስፖርቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲኖራቸው መንገዱን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት አገሮች እርስ በርስ እየተስማሙ ቁጥጥሩን ሲያላሉት ቆይተዋል። የህንድና የኔፓል ዜጎች በ1950 በተፈረመው ውል መሠረት በየብስ ያለ ፓስፖርት ይገባባሉ፤ የኖርዲክ አገሮች ከ1952 ጀምሮ ለዜጎቻቸው ፓስፖርቱን አስቀርተዋል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳም ከ2014 ወዲህ ዜጎቻቸው በብሔራዊ መታወቂያ እንዲሻገሩ ፈቅደዋል። በ1985 የተፈረመው የሸንገን ስምምነት በ1995 በሥራ ላይ ሲውል በአባል አገሮቹ መካከል የነበረው የድንበር ፍተሻ ቀርቷል፤ ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ማንም ባይጠይቀውም ፓስፖርቱን ይዞ መዞር አለበት፤ አገሮቹም ሲያስፈልግ ፍተሻውን ለጊዜው ሊመልሱት ይችላሉ። አሜሪካ በበኩሏ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳለች፤ ቀድሞ ከካናዳ በየብስ ለሚገቡት ላልቶ የቆየውን አሠራር ከሰኔ 1 ቀን 2009 ጀምሮ አጥብቃ፣ ፓስፖርት ወይም እርሱን የሚተካ የታወቀ ሰነድ ትጠይቃለች። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ፓስፖርቱ ሲቀር የቀረው በስምምነት ነው፤ መንገደኛውም ማንነቱን የሚያስረዳበት ሌላ ሰነድ ከእጁ አይለይም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ግን የሞተሩን ነገር ነው። ለኢሚግሬሽን አሽከርካሪው ሰው ነው፤ ለጉምሩክ ደግሞ ሞተሩ ዕቃ ነው። ቀረጥ ሳይከፈልበት ወደ አገር የገባ ዕቃ ተመልሶ እንደሚወጣ ማረጋገጫ ካልቀረበበት ኮንትሮባንድ ይሆናል። የህንዱ ተጓዥ ወደ ኔፓል ሲገባ ፓስፖርትም ቪዛም አይጠየቅም፤ ሞተሩን ግን ጉምሩክ ቀርቦ ማስመዝገብ፣ ለሚቆይባቸው ቀናት መክፈልና የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ መዞር አለበት። ራቅ ወዳሉ አገሮች የሚጓዙትም ካርኔ የሚባለውን የጉምሩክ ደብተር ከአውቶሞቢል ክለቦች ዋስትና አስይዘው ያወጣሉ። የደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ሲገቡ ይቀደዳል፣ ሌላው ሲወጡ ይቀደዳል፣ ሦስተኛው ሁለት ማህተም ተመትቶበት ከደብተሩ ጋር ይቀራል። የመውጫው ማህተም ከሌለ ሞተሩ እዚያው እንደቀረ ተቆጥሮ ቀረጡ ከዋስትናው ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተጓዦች ከፓስፖርታቸው ይልቅ ለዚህች ደብተር የሚሳሱት።

እኔ ይህን የተማርኩት ከወረቀት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር፣ ዜጎቻቸው በመታወቂያ እንዲሻገሩ በተስማሙ ሁለት አገሮች ድንበር ላይ ደረስን። ሁለታችንም ፓስፖርት አልያዝንም፤ ማንም አልተቆጣንም፤ የሁለታችንም መታወቂያ ታይቶ የይለፍ ወረቀት ተሰጠን። ቀጥሎ ጉምሩክ ነበር። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሠራተኛ ሊብሬዬን ይዘው ወደ ሞተሬ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ከመሪው ሥር ያለውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የእኔ ተገጣጠመ። የጓደኛዬም ቁጥሩ ተገጣጠመ፤ ስሙ ግን አልተገጣጠመም፤ ሞተሩ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ውክልና ተጠየቀ፤ የለውም። ሰውዬው ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ አንተን መታወቂያህ ያሻግርሃል፤ ሞተሩን ግን የሚያሻግረው ባለቤቱ ነው፤ ተመለስና ውክልና ይዘህ ና» አሉት።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ቀኑን ሙሉ ስንነዳ ስለዋልን ወደ ኋላ መመለሱን ሁለታችንም አልወደድነውም። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከኬላው በታች የእረኞች መንገድ እንዳለ ሰዎች እንደነገሩት ነገረኝ። እኔም «ይቅርብህ» ማለት ሲገባኝ «ተሻግሬ እጠብቅሃለሁ» አልኩት። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በአቋራጩ አለፈ። ከድንበሩ ማዶ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓይን በሚይዝበት ሰዓት፣ በብስክሌት ወደ ቤቱ ይመለስ ከነበረ ተማሪ ጋር ተጋጨ። የልጁ ክንድ ተሰበረ፤ ጓደኛዬ እግሩን ተጎዳ። የሦስተኛ ወገን መድን ማራዘሚያው የሚሸጠው እዚያው ኬላው ላይ፣ የጉምሩኩን ወረቀት ላሳየ ብቻ ነበር፤ ጓደኛዬ ደግሞ በኬላው በኩል ስላላለፈ አልነበረውም። ስለዚህ የልጁን የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መድን ጠፋ፤ የእኛ ቤተሰቦች ተሯሩጠው ያዋጡት ገንዘብም የልጁን አባት እጅ ለመሙላት አልበቃም። ጓደኛዬ እግሩ በጀሶ እንደታሰረ በሕገ ወጥ መግባት ተከሰሰ። ሞተሩ በኮንትሮባንድ ተወረሰ። ታላቅ ወንድሙ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በዚያ ሞተር ነበር፤ ምንም ሳያውቅ ከሥራ ወጣ። እኔ ወረቀቴ የተሟላ ስለነበር ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ልጠይቀው፣ ጠበቃም ልፈልግለት ቻልኩ፤ እንደ እርሱ በአቋራጭ አልፌ ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስልን እንደነበር አላውቅም።

ስለ መድን አንድ ነገር ልጨምር። በአገር ውስጥ የተገዛ መድን ድንበር ሲሻገሩ ብዙ ጊዜ አብሮ አይሻገርም። የአውሮፓው አረንጓዴ ካርድ ከ1953 ጀምሮ፣ የኮሜሳው (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያው) ቢጫ ካርድም በአፍሪካ አባል አገሮች ውስጥ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው፤ ጎብኚው አሽከርካሪ ጉዳት ቢያደርስ ተጎጂው በገዛ አገሩ ካሣ እንዲያገኝ ያስችላሉ። ቢጫ ካርድ ሲባል የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚመስላቸው ሰዎች ስለማይጠፉ ሁለቱን መለየት ያሻል፤ የኮሜሳው ከመነሳት በፊት ከመድን ድርጅት የሚገዛ ነው። ወረቀቱ የአሽከርካሪው ሸክም መስሎ ይታያል እንጂ፣ የተሠራው በይበልጥ ለዚያ በብስክሌት ለሚመለሰው ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ሕይወቱን ለማዳን የሚሸሸውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። እሳት ከኋላው የተነሳበት ሰው ፓስፖርት እስኪታተምለት አይጠብቅም። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 31፣ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ለባለሥልጣናት ቀርቦ በቂ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ፓስፖርቱ መንገድ ላይ የጠፋበትም ቢሆን ከኤምባሲው ሊሴ ፓሴ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለ፤ ምንም እንኳ ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አገር ለመመለሻ ብቻ የሚያገለግል ቢሆንም። ጽሑፋችሁ ያሞገሳቸው ወጣቶች ግን ከሁለቱም ወገን አልነበሩም፤ ለሽርሽር የወጡ ነበሩ።

ስለዚህ ጋዜጣዎ እንዲህ ያለ የጉዞ ትረካ ሲያወጣ ጸሐፊው የትኛውን ስምምነት ተጠቅሞ እንደተሻገረ፣ ሞተሩ በማን ስም እንደነበረና መድኑ ከድንበሩ ማዶ ይሠራ እንደነበር አብሮ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ለድንበር አስተዳዳሪዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሞተር አሽከርካሪ የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ዝርዝር በኬላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ነገር ግን እዚያ የደረሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ነድቶ፣ ደክሞና መሽቶበት ስለሚሆን፣ የጎደለውን ሲያነብ የሚታየው የመመለሻው መንገድ ሳይሆን አቋራጩ ነው። ዝርዝሩ ከኬላው በፊት ባለው የመጨረሻ ከተማ፣ ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ይለጠፍ። እኛ በዚያ ጠዋት ነዳጅ የቀዳነው ወንድሙ በሚኖርበት ከተማ ነበር፤ የውክልናው ጉዳይም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ