ገመድ ከመፈለጋችን በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአእምሮ ሕሙማን በባለሙያ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ባወጣችሁት ጽሑፍ «ጥበቃ ይጨመርልን» የሚለውን የባልደረቦቼን አቤቱታ አነበብኩ። እኔም በምሥራቅ ጎጃም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ተመትቼ አውቃለሁ፤ መነጽሬም ተሰብሯል። ፍርሃቱን አልንቀውም። ግን ጥበቃ የሚጠራው ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ነው።

ታካሚ ለምን ተማታ ስንባል እኛ «ሕመሙ ነው» እንላለን። ታካሚዎቹን ጠይቋቸው፦ የተቆለፈውን በር፣ የክፍሉን ጥበት፣ የእኛን አፍ ይነግሯችኋል። የእኛ አገር ጉድ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 82 ነርሶችንና 80 ታካሚዎችን ጠይቆ ነበር፤ ነርሶቹ በዋናነት ሕመሙን፣ ታካሚዎቹ ደግሞ የአነጋገር ጉድለትንና የክፍሉን ሁኔታ ወቀሱ።

እስቲ የእኛን ሰው አስቡት። ከጮቄ ሥር ወንድሞቹ በጠፍር አስረው ያመጡት ገበሬ ነው፤ የእጁ አንጓ ተልጧል። ገና ከበሩ ዱላውን፣ ቀበቶውንና ስልኩን እንቀበለዋለን፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ልጁ የሚሆን ነርስ «አንተ፣ ቁጭ በል!» ይለዋል። «መቼ ነው የምወጣው? ከብቶቼን ማን ያያቸዋል?» ሲል «ሐኪሙ ሲመጣ» እንለዋለን። ደጋግሞ ሲጠይቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ካርዱ ላይ «አስቸጋሪ» ተብሎ ይጻፍለታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የመርፌው ነገር ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተወጋ ሰው አንዳንዴ መቀመጥም መቆምም ይሳነዋል፤ ውስጡ ይቁነጠነጣል፣ ኮሪደሩን ሲመላለስ ያድራል። ይህ የመድኃኒቱ ጠንቅ ነው። እኛ «ተነሣበት» ብለን ያንኑ መርፌ እንደግመዋለን፤ ይብስበታል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መቁነጥነጡን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ሊያዝለት ይችል ነበር፤ ግን «እግሬ አላርፍ አለኝ» ያለውን ማን ሰምቶ ነገረለት?

ሰው መያዝ ጭራሽ አያስፈልግም አልልም። አንዱ ሌላውን ታካሚ አንቆ ሲይዝ ቆሞ የሚያይ የለም። ሲያዝ ግን በደረቱ አይደፋ፣ ጀርባው ላይም አይቀመጡበት፤ ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላል። ሲረጋጋ ደግሞ ለምን እንደተያዘ ይነገረው፤ እሱም የሚለው ካለው ይደመጥ። አንዲት የማታ ተረኛ እናት አሉን፤ «አያ፣ ምን ሆኑብኝ?» ብለው ከታካሚው አጠገብ ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ «ጊዜ ያባክናሉ» ብለው ያሟቸዋል። ገመድ ፍለጋ የሚሯሯጡት ጊዜ ግን አይቆጠርም መሰለኝ።

ጥበቃው ይጨመር፣ አልጠላም። ከዚያ በፊት ግን የሐኪሙ ጉብኝት ቀን፣ ስልክ የሚፈቀድበት ሰዓትና የመውጫው ሁኔታ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል አስታማሚው ባለበት ይነበብለት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከምሥራቅ ጎጃም