ሸክሙን ስላራገፈ ወንዝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ ደህና ነው? ከተጻጻፍን ዘመን አለፈ፤ ናፍቆትህ ግን አልበረደልኝም። በእንጥልጥል የቀረውን ክርክራችንን ዛሬ ልቀጥለው። «ወንዝ አንዴ ከተገደበና ከተቃና አርፎ ይተኛል» ትል ነበር። አያርፍም ወዳጄ።

ወንዝ ከውሃው ጋር አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። ግድብ ሲያቆመው ሐይቁ ውስጥ ይረጋና ሸክሙን ያራግፋል። ከግድቡ በታች ጠርቶ የሚወጣው ውሃ ጉልበት አለው፣ ሸክም የለውም፤ ስለዚህ የገዛ ወለሉን መቦርቦር ይጀምራል። በመጀመሪያ ደቃቁን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል። ሊያነሳው ያልቻለው ትልልቅ ጠጠር እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ወለሉን ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ ቁፋሮው ጋብ ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ወለሉ ሲወርድ የዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ አብሮት ይወርዳል፣ የድልድይ መሠረት ይራቆታል፣ ገባር ወንዞችም ከመጋጠሚያቸው ጀምሮ ሽቅብ እየተቦረቦሩ ይሄዳሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል መባሉ እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግድቡ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ምንም የተለወጠ አይመስልም።

እስቲ በአውሮፓ ያለውን የራይን ወንዝ ተመልከት። ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ የተባለው መሐንዲስ ወንዙን የማቃናቱን ሥራ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። የላይኛው ራይን ጠመዝማዛዎች ተቆርጠው ወንዙ 80 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ በረታ፣ ውሃው ፈጠነ፣ ወለሉም በሜትሮች ጠለቀ። ኢስታይን ከተባለው ስፍራ አጠገብ ተቀብሮ የነበረ አለት ብቅ ብሎ የመርከብ እንቅፋት ሆነ። ቆይቶ ለኃይልና ለመርከብ ጉዞ ተብሎ ግድብ በግድብ ላይ ተደረደረ፤ የመጨረሻው ኢፌትስሃይም እ.ኤ.አ. በ1977 ተሠራ። ቦርቧሪው ውሃ ከእርሱ በታች ብቅ አለ! እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በየዓመቱ በጀልባ ጠጠር እያመጡ ወንዙ ውስጥ ይደፋሉ። ወንዙ በነጻ ይሸከመው የነበረውን ሰው በገንዘቡ ይሸከማል፤ ማቆሚያም የለውም። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ግድብ አይሠራ አልልህም፤ መብራትም መስኖም ያስፈልጋል። በጎርፍ ወቅት ደለል የሚያሳልፍ በር ግን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ መግባት አለበት፤ ሐይቁ ከሞላ በኋላ መጨመሩ እጅግ ከባድ ነው። አንተ የግድብ ንድፍ በእጅህ ይገባልና፣ ስለ ታችኛው ወንዝ ስንት ገጽ እንደተጻፈ አይተህ ንገረኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ