የንግግር ሕክምና ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማንም ይድረስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በድሬዳዋ በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ስለ ጭንቀት እየተነጋገሩ የሚደረግ ሕክምና፣ ሲነሣ ብዙ ሰው፣ የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር፣ አእምሮው ለታወከ ሰው ብቻ የሚሰጥ አድርገው ያዩታል። በዚህም ምክንያት በስኳር፣ በደም ግፊትና አልድን ባለ ቁስል የሚመላለሱ ታካሚዎቻችን ከአገልግሎቱ ውጭ መቅረታቸው ስለሚያሳዝነኝ ይህን ጻፍኩ።

ባለፈው ዓመት ከመጋላ ሰፈር እየመጣች የእግሯን ቁስል የማጥብላት አንዲት ሴት ነበረች። ስኳር አለባት፤ ቤት ደግሞ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን እናቷን ብቻዋን ታስታምማለች። ለሳምንታት ጎዙን ባነሣሁ ቁጥር ቁስሉ ጠርዙ ገርጥቶ፣ ሥጋው መሙላት ሳይጀምር አገኘው ነበር። አንድ ቀን ፋሻውን እየጠቀለልኩ እንቅልፏን ብጠይቃት፣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ እየጠመጠመች «ሲስተር፣ እማዬ ሌሊት በር ከፍታ እየወጣች እኔ እንዴት ልተኛ?» ብላ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ምግቧና ስለ ጫማዋ ስንጠይቃት ይህን አንድም ቀን አልጠየቅናትም።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡትን ጥናት ሳነብ እሷን አስታወስኩ። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና በዕድሜና በገቢ የሚመሳሰሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ቆዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ቁስል ተደርጎ ሲታይ፣ የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቷል።

ሰው ሲጨነቅ አንጎሉ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጩ ያዛል። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይጠቅማል፤ ጉልበት የሚሆን ስኳር ወደ ደም ያስለቅቃል፣ የሰውነትን መቆጣትም ያበርዳል። ጭንቀቱ ለወራት ሲቆይ ግን የደም ስኳር እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ቁስል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገውን የመከላከያ ሴሎች ሥራም ያዳክማል። ውሎ አድሮ ሴሎቹ ለኮርቲሶል ያላቸው ስሜት ስለሚደነዝዝ በሰውነት ውስጥ የማይበርድ መለስተኛ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይቀራል። «ሆድ ይፍጀው» ብለን የምንተወው ነገር በእርግጥም አካልን ይፈጃል።

የንግግር ሕክምና ይህን ሊለውጥ እንደሚችል ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጃማ ሳይካትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በጠቅላላው 4,060 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 56 ሙከራዎች አንድ ላይ መርምሮ፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ጠቃሚው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥራ በ14.7 በመቶ እንደተሻሻለና እንደ ብግነት ያለው ጎጂው በ18 በመቶ እንደቀነሰ፣ ውጤቱም ቢያንስ ለ6 ወራት እንደቆየ አሳይቷል። ይበልጥ ወጥ የሆነ ውጤት ከታየባቸው አንዱ፣ ባለሙያው ከታካሚው ጋር ሆኖ የሚያስጨንቀውን ሐሳብ እየመረመረ በየሳምንቱ የሚሞክረው ትንሽ ተግባር የሚሰጥበት፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው ነው።

ይህ ማለት ግን ማንም ሰው ኢንሱሊኑን ወይም ክኒኑን ያቁም ማለት አይደለም። የመጋላዋ ሴትም በንግግር ብቻ ዳነች ለማለት አልደፍርም። ጊዜ ሰጥተን ካዳመጥናት በኋላ እህቷ በሳምንት ሁለት ሌሊት ከእናታቸው ጋር ማደር ጀመረች፤ እሷም ተኛች፣ መርፌዋን በሰዓቱ ወሰደች፣ ቁስሉም ቀስ በቀስ ሞላ። የትኛው ምን ያህል እንደረዳት መለየት አልችልም። ይሁንና እኔ የምክር ባለሙያ አይደለሁም፤ ለእሷ የሚገባትን ያህል አላደረግኩም።

«ድሬ ሰው ተጫዋች ነው፣ ቡናው ላይም በርጫው ላይም የማይወራ የለም» የሚሉኝ አሉ። የጎረቤትን ፍቅር አላቃልልም፤ ብዙ ሰው ያቆመ ነው። ነገር ግን ቡና ላይ ሁላችንም ደህና ነን እንላለን፣ የከፋው ሲናገርም «ቻለው» ተብሎ ወሬው ይለወጣል፤ በርጫ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤተሰቡን የወሰደበት አንድ ታካሚዬ ዛሬም ደመና ሲጠቁር ሌሊቱን ሙሉ እንደሚቀመጥ የነገረኝ ግፊቱን እየለካሁ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት ለማን ተናግሮ እንደሆነ ብጠይቀው ለማንም አለ።

ስለዚህ የከተማችን የጤና ኃላፊዎች በየጤና ጣቢያው የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ባለበት ቀን የሠለጠነ የምክር ባለሙያ እንዲመድቡ፣ ባለሙያውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማነጋገር የሚችል እንዲሆን፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልም እንዲሰጠው በጋዜጣችሁ አማካይነት እጠይቃለሁ። በእኛ ጤና ጣቢያ የመጋረጃው ወዲያኛው ወገን ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ታካሚ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከድሬዳዋ፣ አንዲት ነርስ