ትርታ ያጣችው ግራ እጄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሰናዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ባለፈው ታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል መጥተሽ ስትደውዪልኝ «ሐረር ነኝ» ያልኩሽ ውሸት ነበር። እዚሁ የምታውቂው ቤት ተኝቼ ነበር። ፊቴ ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒት አብጦ ጨረቃ አክሎ ስለነበር እንድታዪኝ አልፈለግሁም። ይኸው ተናዘዝኩ፤ ቅጣቱን ስትመጪ።

ነገሩ የጀመረው ከጥቁር ሰሌዳው ነው። «ግራኝ» እያልሽ የምትስቂባት እጄ አንድ እኩልታ ጽፋ ሳትጨርስ ትዝል ጀመር። ዝቅ ሳደርጋት ይሻላታል፤ ከፍ ሳደርጋት ትደነዝዛለች። አንድ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎኝ ስምንት ወር የብረት እንክብል ዋጥኩ። በኋላ ሌላ ቦታ አንዲት ወጣት ነርስ ግፊቴን ስትለካ መሣሪያው ምንም አላነበበም። ተበላሽቷል ብላ ሌላ አመጣች፤ ያም ዝም። ጣቶቿን አንጓዬ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ትርታ የለም። በቀኝ እጄ ስትለካው ግን 170 በ100 ሆነ።

በሽታው ታካያሱ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1908 ሚኪቶ ታካያሱ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ያየውን እንግዳ የደም ሥር ጥልፍልፍ ይፋ አደረገ፤ ስሙም ከእሱ ቀረ። የሰውነት መከላከያ አኦርታን፣ ማለትም ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ እና ቅርንጫፎቹን ያስቆጣቸዋል፤ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ የደሙ መንገድ ይጠብባል። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያለን ሴቶችን ነው። ከአኦርታ ላይ ለምርመራ ቁራጭ መውሰድ ቀላል ስላልሆነ ፍርዱን የሚሰጠው ምስል ነው። ሐኪሙ የአንገቴን ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ እያሳየኝ «ይህን የመኮሮኒ ምልክት ይሉታል» አለኝ። እውነትም ቁርጥ መኮሮኒ! ከዚያ ወዲህ ምግቡ አስጠልቶኛል።

ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ስለሚነሳ ሌሊት ሌሊት ጥናቶች አነባለሁ። ጃፓን ውስጥ ተደርጎ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 የታተመ አንድ ሙከራ አለ፦ ጠቅላላ 36 ሰው። ግማሾቹ በየሳምንቱ ቶሲሊዙማብ የተባለ የሰውነት መከላከያን የሚያለዝብ መድኃኒት ተወጉ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው መርፌ። ፕሬድኒሶሎናቸው በየሳምንቱ አንድ አሥረኛ እየተቀነሰ ማን ቀድሞ እንደሚያገረሽበት ታየ። ውጤቱ ወደ መድኃኒቱ ያደላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ለማለት ፒ የሚባለው የስታቲስቲክስ ቁጥር ከ0.05 በታች መውረድ ነበረበት፤ 0.0596 ላይ ቀረ። 49 አምጥቶ የወደቀ ተማሪዬን ፊት አስታወሰኝ። ሕጉን አልነቅፍም፤ እኔም 49ን 50 አላደርግም። የሚያናድደኝ የሰዉ ማነስ ነው። አረጋውያንን ለሚይዘው ለዚሁ በሽታ ዘመድ መድኃኒቱ በ251 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 በግልጽ አለፈ፤ የእኛ ግን ብርቅ በሽታ ስለሆነ ሰው ማሰባሰቡ ራሱ ፈተና ነው።

እኔ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት የተባለ፣ እሱም የሰውነት መከላከያን የሚያለዝብ መድኃኒት እውጣለሁ፤ ፕሬድኒሶሎኑ 5 ሚሊግራም ደርሷል፤ ፊቴም ወደ ባለቤቱ እየተመለሰ ነው። የደም ምርመራዬ ደህና ነው፤ ይህ ግን ብዙ አያስደስተኝም፤ ደሙ ደህና እየመሰለ ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ሊወፍር ስለሚችል ምስሉ በየጊዜው ይደገማል።

ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ቢመስልሽ አትሳቂ፤ በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት። ለሐምሌው ገብርኤል ስትመጪ ሳትደውዪ ቀጥ ብለሽ ቤት ግቢ። ስትጨብጪኝም ግራዋን ያዢ፤ እንደ ውኃ ቀዝቃዛ ናት፤ በድሬ ሙቀት ሳትጠቅምሽ አትቀርም።

ያንቺው ግራኝ