ከቶሌዶ መልስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ ጥርሱን እየቀየረ ነው። የፊቶቹ ሁለቱ ወልቀው «ስ» ማለት አቅቶታል። ትንሿ ደግሞ «አባባ ስልኩን ለምን ጆሮው ላይ ያደርገዋል? ፊቱን አያሳየኝም?» ትላለች። አንቱታውን ገና አልለመደችም፣ ይቅር ይበሏት። ምስሉ ስለማይታይዎት መሆኑን አልነገርኳትም።

ይህን ደብዳቤ ወንድሜ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ሰው በሌለበት ያንብብልዎ።

ከተጋባን 10 ዓመት ሞላን። ልጆቹን ጓደኛዬ ዘንድ ትተን እኔና አማችዎ ለሁለት ሌሊት ስፔን ሄድን። ከተማዋ ቶሌዶ ትባላለች። ከማድሪድ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ታሆ የሚባል ወንዝ በሦስት በኩል ይዞራታል። መንገዶቿ ከመጥበባቸው የተነሳ መኪና ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን ነው ያሳለፍነው። ዳገቱ አማችዎን ፈተነው፤ በየጥጉ ፎቶ የሚያነሳ እየመሰለ ያርፍ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ999 የተሠራ ትንሽ መስጊድ አለ። የአይሁድ ምኩራቦች አሉ። ሁሉም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተደርገው ነበር። ትልቁ ካቴድራል በ1226 ተጀምሮ ያለቀው በ1493 ነው። እኛ የደብራችን ቆርቆሮ 6 ዓመት ፈጀ ብለን ስናማርር!

አንዱ ገዳም ውጪ ግድግዳው ላይ ሰንሰለት ተሰቅሏል። ከምርኮ የተፈቱ ክርስቲያኖች እግር ላይ የነበረ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ስለ ምርኮኞቹ ያወራል። እኔ ቀለበቶቹን ነው ያየሁት። ጫፍና ጫፉን እንዴት እንዳጋጠሙት ስፈልግ አንገቴ ታመመ። ይህ አመል ከማን እንደመጣ ያውቃሉ።

ሳንቶ ቶሜ የሚባል ቤተ ክርስቲያንም ገባን። ኤል ግሬኮ ከ1586 እስከ 1588 የሣለው ትልቅ ሥዕል እዚያ አለ። አንድ ባላባት ሞቶ ቅዱስ እስጢፋኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ከሰማይ ወርደው በእጃቸው ይቀብሩታል። ከታች በግራ በኩል ትንሽ ልጅ ቆሟል፤ በጣቱ ይጠቁማል። የሠዓሊው ልጅ ነው። ከኪሱ ብቅ ባለው መሐረብ ላይ አባትየው ፊርማውንና 1578ን ጽፎበታል፤ ልጁ የተወለደበትን ዓመት።

ሰውዬው ልጁን ሥራው ውስጥ አቁሞታል፣ አባባ። እርስዎ እኔን ከወናፉ አጠገብ ሲያዩኝ አርጩሜ ይመዙ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስገባ ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ነበር። «ነጋዴ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ማጭዱንና ማረሻውን ገበያ አውጥተው ስለሚሸጡ ውሸት አይደለም አሉ። ቦኖ ውኃ ላይ «የቀጥቃጭ ልጅ፣ ቡዳ» ሲሉኝ ያለቀስኩ እንደሆነ ማታ አጤ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ ያስነገሩትን አዋጅ ይነግሩኝ ነበር። ንጉሡ ያከበሩትን ሥራ ታዲያ እኛ ቅጽ ላይ ለምን ደበቅነው? ስድቡን እችለው ነበር። ያፈርኩት ቅጹን የሞላሁ ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ሌላውን ላለማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን መስፉን ጆንያ ያለበሰው ወንድሜ አይደለም። እኔ ነኝ። ወናፉንም ጎረቤት ጓሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ምንም ሳይሉ ገብተው እጅዎን በሎሚ ይፈትጉ ጀመር። ጥቀርሻው ከጥፍርዎ አልለቅ አለ። ሲጠይቁዎት «ንግድ ላይ ነኝ» አሉ፣ እጅዎን ጋቢው ውስጥ አድርገው። እስከ ዛሬ አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ድምፅህን አትቀንስ።

ቶሌዶ ውስጥ አንድ ሱቅ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ይሠራሉ። ብረቱን በሹል ነገር ጭረው ጭረው ያሻክሩታል። የወርቅ ክር እያስቀመጡ በትንሽ መዶሻ ይመቱታል፤ ወርቁ ይነክሳል። በመጨረሻ ብረቱን ያጠቁሩታል። ወርቁ አይጠቁርም። ሰው ከቧቸው ፎቶ ያነሳል። እጃቸው ላይ እንደ እርስዎ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። እኔን ያቆመኝ ግን ድምፁ ነው። አማችዎ «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነው» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያ ቢላ የሳቸው ሥራ ነው?»

በጋዜጣ ጠቅልለው ሻንጣዬ ውስጥ የከተቱት ቢላ ነው። ሥጋ በሌላ አይቆርጥም። ከገበያ የተገዛ ነው ብዬው ነበር። «አዎ» ስለው ወደ ፊት ሄደ። ሳን ማርቲን ድልድይ እስክንደርስ አልተነጋገርንም። እዚያ «ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር...» ብሎ ጀመረና ተወው። ማታ ማርዚፓን የሚሉትን ጣፋጭ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ። ታርቀናል ማለት ይሁን አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ዓይንዎ። በመስከረም የላክሁት ብር ለእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት መከፈሉን ሰምቻለሁ። አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። እንደገና ልኬያለሁ፤ ይህኛው ወንድሜ እጅ ይቆያል። የዓይን ሞራ ማውጣት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ። አሁንም እሳቱ ጋ ይቀመጣሉ አሉኝ። ብረቱ መጋሉን በቀለሙ ነው የምናውቀው ይሉ አልነበር? ቀለሙን ሳያዩ ምን ሊመቱ ነው? እጅዎን አስበው ያውቃሉ?

ለጥምቀት እንመጣለን። አማችዎ የሚሠሩባትን ጎጆ ማየት እፈልጋለሁ ብሏል። ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም። ጆንያውን ያንሱልኝ፣ ሌላ ምንም አያሰናዱ።

የቢላው እጀታ ላልቷል። እዚህ የሚያጠብቀው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ አማችዎ አላስነካም ብሎ ነው። ይዘነው እንመጣለን።

ልጅዎ