ለደንበኞቻችን፦ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

«ድምፅ መቅጃው ተበላሽቷል» ተብለው ወደ ጥገና ክፍላችን ከሚመጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። ዊንዶውስ ውስጥ የተዘጋች አንዲት ማብሪያ እንከፍታለን፣ ወይም ማይኩን ከትክክለኛው ቀዳዳ እንሰካለን፣ ያልቃል። ለዚያ ስትሉ ግን ከሥራ ትቀራላችሁ፣ የታክሲ ታወጣላችሁ፤ እኛም ለሁለት ደቂቃ ሥራ ሒሳብ መጠየቅ ያሳፍረናል። ስለዚህ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትፈትሹትን ጻፍንላችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ስለሆነ የምንናገረውም በእሱ ነው። በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩም የቁልፎቹ ስም ይለያይባችሁ ይሆናል እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

መቅዳት ጀምራችሁ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ድምፁ ፕሮግራሙ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። መጀመሪያ የማይኩን ጫፍ ተመልከቱ። ለስልክ የተሠሩት የደረት ማይኮች ጫፋቸው ላይ ሦስት ቀለበት አላቸው። ዴስክቶፕ ላይ ለብቻው ያለው የማይክ ቀዳዳ ግን የሚፈልገው ባለ ሁለት ቀለበቱን ነው። ሲሰካ በደንብ ይገባል፣ ድምፅ ግን የለም። መፍትሔው ትንሽ አዳፕተር ናት፤ ላፕቶፕ መፍታት አያስፈልግም።

ጫፉ ደህና ከሆነ ወደ ዊንዶውስ ሂዱ። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን፣ ከዚያ ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቱ። እላይ ያለው ማብሪያ በርቶ ታዩና ደህና ነው ብላችሁ ትወጣላችሁ። ወደ ታች ውረዱ፤ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚፈቅደው ሌላ ማብሪያ አለ። ኦዳሲቲን የሚመለከተው ያኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የምናገኘውም እሱን ነው። ማይኩን የሰካችሁት ፕሮግራሙን ከከፈታችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ ዝጉና እንደገና ክፈቱት፤ ኦዳሲቲ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር የሚይዘው ሲነሳ ነው።

መቅጃውን መክፈት አልቻልኩም የሚል መልእክት ከመጣ፣ ማይኩን የያዘ ሌላ ፕሮግራም (ዙም፣ ለምሳሌ) ካለ ዝጉ። ከዚያ ሳምፕል ሬት የሚባለው (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረው ቁጥር) ዊንዶውስ ላይ 48000 ኸርዝ ተመርጦ ኦዳሲቲ ላይ 44100 እንዳይሆን አይታችሁ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። ኢፌክቶቹ (ድምፁን የምታስተካክሉባቸው ትእዛዞች) ደብዝዘው አልነካ ካሉ፣ ፓውዝ ላይ ናችሁ፤ ስቶፕን ተጫኑ።

አሁን መብራት ሲሄድ ወደሚሆነው እንምጣ፤ ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዴስክቶፑ በመሃል ጠፍቶ መብራት ሲመለስ ኦዳሲቲን ስትከፍቱ፣ ያልተቀመጡ ሥራዎችን ዘርዝሮ «ላንሳቸው ወይስ ልጣላቸው» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል። ሪከቨር የሚለውን ተጫኑ። ዲስካርድ የሚለውን የተጫነ ሰው ቀረጻውን በገዛ እጁ አጥፍቶታል፤ ይዛችሁት ብትመጡም ለመመለሱ ቃል አንገባም። ከፕሮጀክቱ ፋይል አጠገብ በስሙ መጨረሻ ላይ «ዋል» (wal) የሚል ፋይል ካያችሁም ቆሻሻ መስሏችሁ አትሰርዙት፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገና እሱ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛ ምክር፣ መቅዳት ከመጀመራችሁ በፊት ባዶውን ፕሮጀክት ስም ሰጥታችሁ ሴቭ እንድታደርጉት ነው።

ሴቭ የምታደርጉት ግን ፍላሽ ላይ አይሁን። በተለመደው አሠራሩ ኦዳሲቲ ለአንድ ሰዓት የስቴሪዮ ቀረጻ 1.3 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ እየቆረጣችሁና ኢፌክት እየጨመራችሁ ስትሄዱ ደግሞ ያብጣል። ፋት 32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሲ ድራይቭ ሊሞላ ሲቃረብም ቀረጻው መቆራረጥ ይጀምራል።

አንድ ደንበኛችን የሠርግ ድምፅ አስተካክሎ ፍላሹን ለሙሽሮቹ ሰጠ፤ ቴሌቪዥኑም ስልኩም አላነበበው አለ። ፍላሹ ላይ የነበረው የፕሮጀክቱ ፋይል ብቻ ነበር። ሴቭ የምትሉት ነገ ለመቀጠል ነው፤ ለሰው የምትሰጡትን ኤክስፖርት ብላችሁ በኤም ፒ 3 ወይም በዌቭ አውጡት። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ቁጥር 3 በፊት በነበሩት ኦዳሲቲዎች የሠራችሁት ካለ ደግሞ ፕሮጀክቱ ፋይልና «ዳታ» (data) የሚል ፎልደር ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ድምፁ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ቅዱ። በስልክ የቀዳችሁት ኤም 4 ኤ አልከፈት ካለ ኤፍ ኤፍ ምፔግ የሚባለው ተጨማሪ አልተጫነም፤ እሱም በነፃ ይገኛል።

ስለ ድምፁ ጥራት። ከሚክሰር ወደ ላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ በቀጥታ ገመድ የምትስቡ ሁሉ ይህን አንብቡ፦ ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ለማይክ ቀዳዳ እጅግ ኃይለኛ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የድምፁ ማዕበል ከላይና ከታች ተቆርጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ተቆርጦ የቀረውን እንደነበረ የሚመልስ ኢፌክት ደግሞ የለም። በዩኤስቢ የሚሠራ የድምፅ ካርድ ተጠቀሙ፣ መለኪያው ላይ ድምፁ የሚደርስበትን ከፍተኛ ቦታም ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ላይ ያዙት።

ከጀርባ እዝዝ የሚል ካለ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ብቻ ቅዱ። ከጠፋ ችግሩ የመብራቱ ነው፤ የቤታችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የምትሰሙትም እሱንና ብዜቶቹን ነው። ግራውንድ ያለው ሶኬት ፈልጉ። ኖይዝ ሪዳክሽን በሚባለው የጀርባ ጫጫታ መቀነሻ ኢፌክት ለማጽዳት ስትሞክሩ መጀመሪያ ሰው የማይናገርበትን ባዶ ቦታ ብቻ መርጣችሁ ናሙና አስይዙት፣ ከዚያ ሙሉውን መርጣችሁ አጽዱ። አታብዙት፤ ሲበዛ ተናጋሪው ከጣሳ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ለመስማት እንጂ በማይኩ ለመቅዳት አይሆንም፤ ማይኩ ሲከፈት የምትሰሙትም ጭምር ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ይዛችሁ ኑ። ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን ማይኩን፣ ኬብሉንና ቻርጀሩንም ጨምሩ፤ ያለ እነሱ ችግሩን መድገም አንችልም። «ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እኛ ሳናየው አታስደርጉ፤ ያልተቀመጠ ቀረጻ ካለበት ደግሞ ፕሮግራሙን እንኳ አጥፍታችሁ እንደገና አትጫኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ