የአባባን ሸሚዞች ላኪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይበረታብሽ ማታ ማታ ባናሽን ደርቢ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትምህርታቸውን ይዘዋል። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። በስልክ መስመሩ ይቆራረጥና የጀመርነው ወሬ ሁሌ መሃል ላይ ይቀራል።

ባለፈው «ደህናውን ጨርቅ ቆራርጠሽ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ አሉ፤ ሰው ድሪቶ ለመስፋት አሜሪካ ይሄዳል?» አልሽኝ። ነገሩ በልቤ ቀረ። አሁን በደንብ ላስረዳሽ። ከአንቺ የምለምነውም ነገር አለ፤ የአባባን ሸሚዞች እንድትልኪልኝ ነው። እምቢ ከማለትሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አድምጪኝ።

የምሰፋው ኩዊልት ይባላል። የአልጋ ልብስ ነው። ላይኛው ከትናንሽ ቁርጥራጭ ይገጣጠማል፣ ከሥሩ ወጥ ጨርቅ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል። ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል፤ ጥጡ እንዳይሸሽ። ጋቢ በአራት ድርቡ ሙቀት ይዞ እንደሚያድር ይህም እንደዚያው ነው።

የሌሊት ፈረቃ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ጠዋት ከአዛውንቶቹ መጦሪያ ገብቼ እተኛለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ ያለው ሰዓት የእኔ ነው። ጨርቁን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በማስመሪያ እየለካሁ እቆርጣለሁ። ስፌቱ ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ነው የሚሄደው፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በአንዱ ቁራጭ ላይ የክር ያህል ከተዛባ መጨረሻ ላይ ጥጉ ከጥጉ አይገናኝም። አንዱን በሰፋሽ ቁጥር ደግሞ መተኮስ አለ። ግማሹ ሥራ ካውያ ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

ከአሠራሩ ሁሉ ሎግ ካቢን የሚሉትን እወደዋለሁ። መሃሉ ላይ ትንሽ ቀይ ቁራጭ ይቀመጣል፤ የቤቱ እሳት ነው ይላሉ። ዙሪያውን ቀጫጭን ቅዳጆች እየተከታተሉ ይሰፋሉ። በአንዱ ወገን ፈካ ያሉት፣ በሌላው ወገን ጠቆር ያሉት። እሳቱ ግማሹን ቤት አብርቶ ግማሹን ጥላ ያደረገበት ነው።

የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኳት በጓሮ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ናት ቢሏትም ከጓሯችን ጀርባ ዛፍ አለ፣ ጅረት አለ። ቀና ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር አያለሁ። አጋዘኖች አመሻሽ ላይ ይመጣሉ። ያለ ፍርሃት ነው የሚገቡት፤ ጎመኔን ሁሉ በልተው ጨረሱት። በገንቦ የተከልኩትን ጤና አዳም ግን አይነኩትም፤ ሽታው አይስማማቸውም። አንዳንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ ቀበሮ በአጥሩ ሥር ታልፋለች። የጓሳው ቀይ ቀበሮ ትዝ ይለኛል። አንድ ዘር ግን አይደሉም። የእኛው ለተኩላ የቀረበ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የትም የለም። ካርዲናል የሚባለው ወፍ ደግሞ አለ፤ ወንዱ ደማቅ ቀይ ነው። በረዶ ሲወርድ ሌሎቹ ወደ ሙቅ አገር ሲሰደዱ እሱ እዚሁ ይቆያል። በነጩ በረዶ ላይ ሲያርፍ ብታዪው! ለሎግ ካቢኑ እሳት ቀይ ጨርቅ ስመርጥ እሱን እያየሁ ነው የመረጥኩት።

ከሁሉ የምትደንቀኝ ግን ሃሚንግበርድ የሚሏት ናት። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው። ክንፏ በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ ስለሚመታ ዓይን አይከተለውም፤ ድምፁን ብቻ ትሰሚያለሽ። እሬት ሲያብብ የእኛ ጓሮ የምትመጣውን የምታብረቀርቅ ወፍ ትመስላለች፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእኛዋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጠጣው። ይህቺኛዋ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ምላሷን ትሰዳለች። በ4 ስኒ ውኃ 1 ስኒ ስኳር አሟሙቼ ከመስኮቱ ፊት እሰቅልላታለሁ። ቀለም አይጨመርበትም፤ ይጎዳል ብለው ይመክራሉ። ፋሲካ አካባቢ ትመጣለች። መስከረም ላይ ሰውነቷን አወፍራ ወደ ሜክሲኮና ከዚያም ወዲያ ትሄዳለች። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ ነው የሚሻገሩት። ያቺን ታህል ነፍስ እንዲህ ያለ ጉዞ ስትጓዝ ሳስብ የእኔ ስደት ይቀልለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እየተሰበሰቡ ኩዊልት የሚሰፉ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ጋር እየተዋጣን እንጓዛለን። መጋቢት ላይ ነብራስካ ሄደን ነበር። ሊንከን በምትባል ከተማ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ኩዊልት ያለበት ትልቅ ሙዚየም አለ። ከዚያ ፕላት በሚባል ወንዝ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እግረ ረጃጅም አመድማ ወፎች ሲያድሩ አየን። ጩኸታቸው ገና ከሩቅ ይሰማል። እሱን ስመጣ በቪዲዮ አሳይሻለሁ።

ልነግርሽ የምፈልገው ግን አላባማ ስላለው መንደር ነው። ጂስ ቤንድ ይባላል። የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ከቦታል። የሚኖሩበት ጥቁሮች ናቸው፤ አያቶቻቸው እዚያው በባርነት ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት ፔትዌይ በሚለው በባለ መሬቱ ስም ነው። በፈረንጆቹ 1962 ሰዎቹ ለመምረጥ ሊመዘገቡ ወንዙን መሻገር ሲጀምሩ የሚያሻግራቸው ጀልባ ተከለከለ። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው። እስከዚያ ድረስ ማዶ ወደሚታየው ከተማ ለመድረስ በመኪና ዞረው ነበር የሚሄዱት።

የዚያ መንደር ሴቶች አዲስ ጨርቅ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ቤቱ በየቀዳዳው ንፋስ ያስገባል። የተቀደደ ሱሪ፣ ያለቀ ቀሚስ፣ የዱቄት ጆንያ ሰፍተው ልጆቻቸውን አለበሱ። ዛሬ ያው ሥራቸው በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አድርጎታል። እማዬ፣ አንቺ ድሪቶ ያልሽው ነገር ይህ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ እንባዬ መጣ። ከሥራ ሱሪ የተሰፋውን ስታይ ኪሱ የተነቀለበት ቦታ ይለያል። ሌላው በፀሐይና በእጥበት ነጥቶ፣ ኪሱ የነበረበት ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ጉልበቱ የሳሳበትም ይታያል። ሰውየው የት ተንበርክኮ እንደሠራ ጨርቁ ይናገራል።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ትባል ነበር። በ1942 ባሏ ሞተ። የሥራ ልብሱን ሰብስባ፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ሰፋችው። እሱን ማስታወሻ እንዲሆናት፣ ከሥሩም ተኝታ ፍቅሩን እንድትለብስ። ይህን የተናገረችው ያቺው ልጇ ናት፤ አርሎንዚያ፣ አርጅታ። ይህን ስሰማ የታየኝ የእኛ ቤት ሳጥን ነው።

አባባ ካረፉ ጀምሮ ሳጥኑን ለፀሐይ ብቻ እንደምትከፍችው አውቃለሁ። ሰማያዊዎቹ ሸሚዞች፣ የካኪው ሱሪ፣ ጠመኔ የጠጣው ነጭ ጋዋን፣ ሁሉም እዚያ አለ። ናፍታሊኑ እያለቀ ሲሄድ ብል ይገባበታል። ለሰው ስጪ ብለው የሚመክሩሽ እንዳሉም ነግረሽኛል፤ አላስቻለሽም። ልክ ነሽ። እኔም አያስችለኝም።

አንድ ነገር አስታውሺ። የአባባ ኮሌታ ሲበላ አንቺ ነበርሽ ፈትተሽ፣ ገልብጠሽ የምትሰፊው። ያረጀውን ወደ ውስጥ፣ ደህናውን ወደ ውጭ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት አሜሪካ መጥቼ አይደለም። ስለዚህ ኮሌታዎቹን አልጥላቸውም። አንቺ የሰፋሽው ስፌት እንዳለ በየመሃሉ፣ በቀዩ ቁራጭ ቦታ ይገባል። ቅዳጆቹ ደግሞ ከሸሚዙና ከካኪው። ፈካ ያለው ወገን ሰማያዊው፣ ጠቆር ያለው ወገን ካኪው ይሆናል። ጋዋኑን ማስቀረት ከፈለግሽ አስቀሪው፤ እሱ ላይ አልለምንሽም።

ይቆረጣሉ፤ እሱን አልደብቅሽም። ነገር ግን አንድም ቁራጭ አይጠፋም። ለአንቺ አልጋ በልኩ ነው የምሰፋው። ሲያልቅ በሰው አልልከውም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ለጥምቀት አዲስ አበባ ትገባለች። ስትመለስ ሻንጣዋ ላይ ቦታ እንደምትለቅልኝ ነግራኛለች። ወንድሜ ከአንቺ ተቀብሎ ያደርስላት። በበረኪና እንዳታሳጥቢያቸው፤ ጨርቁን ያደክመዋል። ቁልፎቹንም እንዳትነቅሏቸው። ክርኑ የሳሳ፣ የተጣፈ፣ ቀለም የፈሰሰበት ቢሆን ምንም አይደል፤ እኔ የምፈልገው እሱኑ ነው። ካፖርታቸውን ግን ተዪው። ሱፍ ስለሆነ ከጥጡ ጋር አብሮ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

ከሥሩ የሚሆነውን ወጥ ጨርቅ እዚህ እገዛለሁ። ቀለሙን አንቺ ምረጪ፤ እሑድ ስደውል ትነግሪኛለሽ።

ጉልበትሽን ስሜ፣ ምርቃትሽ አይለየኝ እላለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ